የረካውም የተማረረውም 14 ሲያመጣ
(ለሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

በመርሐ ግብሩ ላይ የተሰጠኝ ርእስ «የሠራተኛ እርካታ አለካክ» ይላል። ሰፊ ነው። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ቅሬታ ነው፤ እሱም ስለ ድምራችን ነው።

እዚህ ያለን ሁላችን የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ምሁር የፖል ስፔክተርን የሥራ እርካታ መጠይቅ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ፣ 36 ዐረፍተ ነገር ያለው፣ ከደመወዝ እስከ የቅርብ አለቃ 9 ዘርፎችን በአራት አራት ጥያቄ የሚለካ ነው። መልሱ ከ1 «በጣም አልስማማም» እስከ 6 «በጣም እስማማለሁ» ይሄዳል።

የደመወዙን ዘርፍ እንውሰድ። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የሚያመሰግኑ፣ ሁለቱ የሚያማርሩ ናቸው። የሚያማርሩት ከመደመራቸው በፊት ከ7 መቀነስ አለባቸው፤ 6 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 6 ይሆናል። ይህን ስንዘለው ምን ይመጣል? በደመወዙ የረካው 6፣ 6፣ 1፣ 1 ይሞላል፤ ድምሩ 14። የተማረረው 1፣ 1፣ 6፣ 6 ይሞላል፤ እሱም 14! በትክክል ቢደመር አንዱ 24፣ ሌላው 4 ነበር። ይህን አንድ አድርገን ነው «እርካታው መካከለኛ ነው» ብለን ለማኔጅመንት የምናቀርበው!

የአማርኛ ትርጉማችንም ስሕተቱን ያባብሰዋል። «በቂ ጭማሪ አይደረግልኝም» ብለን ጽፈን «አልስማማም» እንዲል ስንጠብቅ፣ ሠራተኛው በ«አይደረግልኝም» እና በ«አልስማማም» መካከል ይጠፋል። «ጭማሪ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው» ብንለው ቅሬታው ሳይለወጥ አፍራሹ ግስ ይቀራል። መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ጥበቃና ጽዳትን ጨምሮ ለአሥር ሰው እናንብብላቸው፤ «ምን ማለት ይመስላችኋል?» እንበል።

ደግሞ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» እንላለን። ወረድ ብሎ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ክፍል፣ የአገልግሎት ዘመን! ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ማስትሬት ያላት አንዲት ሴት ብትኖር፣ ከስሟ በቀር ምን ቀረ? ወረቀቱን የሚሰበስበው ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር ምን ብላ ትሙላ? የሥራ ክፍሉ ካስፈለገ የቀረውን እናውጣ፤ ወረቀቱም በታሸገ ሣጥን ይግባ።

የ9ኙን ዘርፍ ውጤት ለየብቻ አቅርቡ። በባልደረባ 24፣ በደመወዝ 6 ያመጣን ሰው አማካዩ 15 ነው ብላችሁ የምታሻሽሉለት ነገር የለም።

ከ7 የሚቀነሱት የ19ኙ ዐረፍተ ነገሮች ተራ ቁጥር በአንድ ገጽ ታትሞ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ ውሰዱ።