ሁሉም «አይሆንም» ያለበት ፓርላማ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወደዚህ ለንደን ምዕራብ ከሌላው የከተማዋ ጫፍ በዚህ ሰዓት መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለ ብሬግዚት ነው የምናገረው። «ያለቀ ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እጠራለሁ፣ እንዳንምታታ። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ከመውጣቷ በፊት የነበረውን አንድ ዓመት ነው፤ ማለትም 2019ን። በዚያ ዓመት ዌስትሚንስተር ውስጥ የተደረገው ነገር የብዙዎቻችንን ወረቀት፣ ሥራና ቤተሰብ የነካ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን የሰማነው በጩኸት መልክ ነው። አፈ ጉባኤው «ኦርደር!» ሲል እየሰማን ቻናል ቀየርን።

ከሥሩ ልጀምር። ጁን 23 ቀን 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው «እንውጣ»፣ 48.1 በመቶው «እንቆይ» አለ። የኛዋ ለንደን ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው «እንቆይ» ነበር። ስኮትላንድም፣ ሰሜን አየርላንድም እንደዚያው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ መውጣትን እንጂ አወጣጡን አልጠየቀም። አባላቱ በመካከላቸው ቀረጥ ከማይጠይቁበት ከጉምሩክ ኅብረቱም ጭምር ነው የምንወጣው? ከጋራ ገበያውስ? የሰሜን አየርላንድ ድንበርስ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ ለፓርላማው ትተውለት ሄዱ። ሕዝበ ውሳኔውን የጠሩት ዴቪድ ካሜሮንም በማግስቱ ጠዋት ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ተተኪዋ ቴሬዛ ሜይ ፓርላማ ውስጥ ጠባብ ብልጫ ነበራቸው። ላስፋው ብለው ለጁን 2017 ድንገተኛ ምርጫ ጠሩ። ብልጫውን አጡት። ከዚያ በኋላ መንግሥታቸው የቆመው በሰሜን አየርላንዱ ዲዩፒ ፓርቲ አሥር ወንበሮች ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ እንዳትነጠል የሚታገል፣ የማይነቃነቅ አቋም ያለው ፓርቲ ነው መንግሥቱን ደግፎ የያዘው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። በሕዝበ ውሳኔው ዘመቻ ጊዜ ብዙ ያልተወራለት ያ ድንበር ነው ነገሩን ሁሉ የጠለፈው። በአየርላንድ ሪፐብሊክና በሰሜን አየርላንድ መካከል ያለው መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ3 ሺህ 500 በላይ ሰው የሞተበት ግጭት በ1998ቱ የስምምነት ሰነድ ከተቋጨ በኋላ፣ ያ ድንበር ኬላ የለውም፣ ፈታሽ የለውም። ሰው ቁርሱን አንዱ ጋ በልቶ ሌላኛው ጋ ሥራ ይገባል። ብሪታንያ ከጉምሩክ ኅብረቱ ከወጣች ግን ዕቃ የሆነ ቦታ መፈተሽ አለበት። የት? ሜይ ከአውሮፓ ጋር የተስማሙት «ባክስቶፕ» የሚባለው ዋስትና፣ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ አገሪቱን በሙሉ በጉምሩክ ረገድ ከአውሮፓ ጋር የሚያቆይ ነበር። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ቆመ።

እዚህ አገር የፓርላማ አባላት ድምፅ የሚሰጡት በእግራቸው ነው። የሚደግፈው ከአፈ ጉባኤው በስተቀኝ ባለው መተላለፊያ፣ የሚቃወመው በስተግራ ባለው ይገባና ይቆጠራል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 የሜይ ስምምነት ሲቀርብ 202 ሰው በቀኝ፣ 432 ሰው በግራ ገባ። በ230 ድምፅ ተሸነፈ። በዚህ ፓርላማ ታሪክ አንድ መንግሥት እንዲህ ሲሸነፍ ታይቶ አይታወቅም።

እነዚያ በግራ በኩል የገቡት እነማን ነበሩ? «ይህ መውጣት አይባልም፣ ሙሉ በሙሉ እንውጣ» የሚሉት ነበሩ። «ጨርሶ አንውጣ» የሚሉትም ነበሩ። የሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ሰዎች ጎን ለጎን እየተራመዱ አንዱን ስምምነት ጣሉት። ማርች 12 ደገሙት፣ ማርች 29 ሠለሱት። ማርች 29 መጀመሪያ የተቀጠረው የመውጫ ቀን ነበር። ሁለቱም ወገን ሦስት ጊዜ «ይሄ ከወደቀ የኔው ያሸንፋል» ብሎ ገመተ። አንደኛው ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። መንግሥት ሲያቅተው የፓርላማው አባላት ራሳቸው አጀንዳውን ያዙና «እስቲ እኛ የምንስማማበትን እንፈልግ» አሉ። ማርች 27 ስምንት አማራጮች ቀረቡ። ስምንቱም ወደቁ። ኤፕሪል 1 አራት ቀረቡ። አራቱም ወደቁ። ከአራቱ አንዱ አንጋፋው ኬኔት ክላርክ ያቀረቡት ነበር፤ ብንወጣም ከአውሮፓ ጋር የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ እንቆይ የሚል። 273 ደገፉት፣ 276 ተቃወሙት።

በሦስት ድምፅ! ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ከሚፈልጉት መካከል ያን ምሽት ድምፅ ያልሰጡ አሉ፤ ተቃውመው የሰጡም አሉ። ይህን ከተቀበልን ትልቁን እናጣለን ብለው ነው። ኒክ ቦልስ የሚባል የገዢው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል የራሱ ሐሳብ ሲወድቅ እዚያው ቆሞ፣ ፓርቲዬ መቻቻል ስላልፈለገ ለቅቄያለሁ ብሎ ወጣ። ሊበራል ዴሞክራቶቹም፣ ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ሌበሮቹም፣ ወግ አጥባቂዎቹም ውስጥ ቅን ሰዎች ነበሩ፣ አልክድም። ግን ያቺን ምሽት ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያንን በሦስት ድምፅ የናቁ ሰዎች በመጨረሻ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኑ። ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ አልመጣም፣ የጉምሩክ ኅብረቱም ሄደ። ያገኙት ሁሉም ከፈሩት በላይ ጠንከር ያለውን አወጣጥ ነው።

ሜይ ወረዱ፣ ጁላይ 24 ቦሪስ ጆንሰን ገቡ። ቃላቸው አንድ ነበር፤ የመውጫው ቀን በተራዘመበት በኦክቶበር 31 በማንኛውም ሁኔታ እንወጣለን። ከዚያ ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት ለመዝጋት ንግሥቲቱን አስፈረሙ። ሴፕቴምበር 24 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ዳኞች በሙሉ ድምፅ «መዝጊያው ሕገወጥ ነው፣ ፓርላማው እንዳልተዘጋ ይቆጠራል» አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር በፍርድ ቤት «አላጠፋህም ወይ» ተብሎ የሚጠየቅበት አገር ላይ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ከየት እንደመጣን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ነው የምርጫው ጨዋታ የሚመጣው። ይህን ክፍል ቀስ ብዬ ልናገረው፤ ምክንያቱም ነገሩ የተቋጨው በዚህ ነው።

ጆንሰን ምርጫ ፈለጉ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ሃያ አንድ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ካለስምምነት መውጣትን ለማገድ ከተቃዋሚ ጋር ድምፅ ስለሰጡ ከፓርቲው ቡድን ተባረሩ። ክላርክም፣ የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም አሉበት። መንግሥት ብልጫ የሌለው ሆነ። ምርጫ መጥራት ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን አልነበረም። በ2011 በወጣው ሕግ ከጊዜው በፊት ምርጫ ለማድረግ ከ650ው መቀመጫ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 434 ድምፅ ያስፈልጋል። ሴፕቴምበር 4 ላይ 298 ለ56 ሆነ። ሲታይ ያሸነፉ ይመስላል። 434 ስላልሞላ ግን ተሸነፉ። ሌበሮች ዝም ብለው ተቀምጠው ብቻ አስቆሙት። ሁለተኛ ጊዜ ሞከሩ፣ አልሆነም። ኦክቶበር 28 ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፣ 299 ለ70፣ አሁንም አልሆነም።

በዚህ መሐል ጆንሰን ባክስቶፑን ትተው ሌላ ስምምነት ይዘው መጥተዋል። የጉምሩክ ፍተሻው ከመሬቱ ድንበር ተነሥቶ ወደ ባሕሩ፣ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው ብሪታንያ መሐል እንዲሆን የሚያደርግ ነው። ዲዩፒዎች ተከዱ፣ ተቆጡ። ሆኖም ኦክቶበር 22 ላይ ሕጉ በሁለተኛ ንባብ፣ ማለትም ገና በመርሕ ደረጃ፣ 329 ለ299 አለፈ። ከስንት ወር በኋላ ፓርላማው ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የመውጫ ስምምነት «እሺ» አለ። በዚያው ምሽት ግን «በሦስት ቀን እናጠናቅቀው» የሚለውን የጊዜ ሰሌዳ ጣሉት። ጆንሰን ሕጉን ገታ አድርገው ፊታቸውን ወደ ምርጫ መለሱ።

ተቃዋሚዎች እስከዚያ ድረስ መሪው በእጃቸው ነበር። አንድ ላይ እስከቆሙ ድረስ ምርጫው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። አውሮፓ ጊዜውን እስከ ጃንዋሪ 31 ሲያራዝም መስመሩ ተበተነ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲና ሊበራል ዴሞክራቶቹ «ለዲሴምበር 9 ምርጫ ይደረግ» የሚል ሐሳብ አመጡ። ያ ሐሳብ ለጆንሰን በር ከፈተ። ሁለት ሦስተኛ ካልተገኘ፣ በተራ ብልጫ የሚያልፍ አዲስ አጭር ሕግ ማውጣት ይቻላላ! ሌበርም ብቻውን መቅረቱን ሲያይ ገባበት። ኦክቶበር 29፣ 438 ለ20። ምርጫው ለዲሴምበር 12 ተቀጠረ። ከ1923 ወዲህ በዲሴምበር ምርጫ ተደርጎ አያውቅም።

ያን ቀን የሆነ አንድ ነገር አለ፣ በዜና ብዙ ያልተነሣ፣ እኛን ግን የሚነካን። በአገሪቱ የሚኖሩ የአውሮፓ ዜጎች በዚያ ምርጫ ድምፅ ይስጡ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ ነበር። ምክትል አፈ ጉባኤው ለድምፅ አልመረጡትም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስዊድን፣ የሆላንድ፣ የጣልያን፣ የጀርመን ፓስፖርት ይዛችሁ የመጣችሁ ስንት ናችሁ? ከአገራችሁ ተሰዳችሁ፣ አውሮፓ ዜግነት አግኝታችሁ፣ ከዚያ ልጆቻችሁን በእንግሊዝኛ ለማስተማር ወይም ከዘመድ ለመቀራረብ ወደ ለንደን የዞራችሁ። በሕዝበ ውሳኔው አልተጠየቃችሁም። በ2017ም አልተጠየቃችሁም። በ2019ም ስለ እናንተ መኖሪያ ፈቃድ ሲመረጥ፣ እናንተ ውጭ ቆማችሁ አያችሁ። ግብር እየከፈላችሁ፣ አውቶቡስ እየነዳችሁ፣ በሽተኛ እያስታመማችሁ። ይህ ተገቢ አልነበረም። ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ወግ አጥባቂዎቹ በ43.6 በመቶ ድምፅ 365 ወንበር ወሰዱ። የናይጀል ፋራጅ ብሬግዚት ፓርቲ ወግ አጥባቂዎቹ ቀድሞ ባሸነፉባቸው 317 ቦታዎች ዕጩ ሳያቆም ተወላቸው። «እንውጣ» ባዩ ድምፁን ሰበሰበ። «እንቆይ» ባዩ ግን በየፓርቲው ተከፋፈለ። የሊበራል ዴሞክራቶቹ መሪ ጆ ስዊንሰን ራሳቸው መቀመጫቸውን በ149 ድምፅ አጡ።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ኬንሲንግተን። ስንቶቻችን ላድብሮክ ግሮቭ አካባቢ ኖረናል፣ ስንቶቻችን የግሬንፌል የመኖሪያ ሕንፃ ሲነድ ከታች ቆመን አልቅሰናል። ከ72ቱ ሟቾች መካከል የኛና የኤርትራውያን ወንድሞቻችን ቤተሰቦች አሉበት። ነፍሳቸውን ይማር። እሳቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ በጁን 2017ቱ ምርጫ፣ ኬንሲንግተንን ሌበር ያሸነፈው በ20 ድምፅ ነበር። ተቆጥሮ፣ እንደገና ተቆጥሮ፣ 20 ድምፅ። በ2019 ወግ አጥባቂዎቹ መልሰው የወሰዱት በ150 ነው። ሊበራል ዴሞክራቱ እዚያው ቦታ ከ9 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቷል። ሰፈሩ በ2016 አብላጫው «እንቆይ» ያለ ሰፈር ነው። ለማን ድምፅ ስጡ አልላችሁም፣ የኔም ቦታ አይደለም። 150 ሰው ግን ይህን አዳራሽ አይሞላም።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው፣ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ እዚህ እንግሊዝ ውስጥ መምረጥ አይችልም። ኬንያዊ ጎረቤታችሁ ይችላል፤ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች። እናንተ የብሪታንያ ዜግነት ያስፈልጋችኋል። ዜግነት ወስዳችሁ ያልተመዘገባችሁ ግን ብዙ ናችሁ። የካውንስል ታክስ መክፈል መመዝገብ አይደለም፣ ለየብቻ ነው። ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን ከያዛችሁ ስልካችሁ ላይ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

የአውሮፓ ፓስፖርት ይዛችሁ ከ2020 መጨረሻ በፊት እዚህ ሕጋዊ ነዋሪ የነበራችሁና ፈቃዳችሁ ያልተቋረጠ፣ በካውንስልና በለንደን ከንቲባ ምርጫ የመምረጥ መብታችሁ አልተነካም። «ብሬግዚት ወሰደው» ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ አልወሰደውም።

እናቶችና አባቶች፣ አሁን ምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ ይሆናል። ለአረጋውያን የምትሰጠው የፍሪደም ፓስ ካርዳችሁም ትሆናለች። ምንም የሌላችሁ ከሆነ፣ ነፃ የመራጭነት ማረጋገጫ ማውጣት ይቻላል።

ከአዳራሹ በስተኋላ ሁለት ጠረጴዛ አለ። የግራው ለምዝገባ ነው፣ ልጆቻችን ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። የቀኙ ስለ ሴትልድ ስታተስ፣ ማለትም ከብሬግዚት በኋላ ለአውሮፓ ዜጎች ስለሚሰጠው መኖሪያ ፈቃድ፣ ጥያቄ ላላችሁ ነው፤ በተለይ ጊዜያዊውን ይዛችሁ ወደ ቋሚው ያላሻገራችሁት፣ ዛሬ ሳትጠይቁ እንዳትሄዱ። ቡናው እስኪደርስ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከፊት ከተቀመጡት እናት እንጀምር።