በመኪና ግርግር አመሻሽ፦ በኪስ ካሜራ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሣት

(ምስል፦ ሐረር፣ ጀጎል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ልብስ ሰፊ በአምፖል ሥር እየሠራ ነው።)

ተራኪ፦ ያለነው ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር ጎዳና ላይ ነው። በዚህ ሰዓት በትንሽ ዲጂታል ካሜራ የሚነሣ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ብዥ ይላል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ፎቶውን በካሜራው መስኮት ላይ አጉልተው ብዥታው ከየት እንደመጣ ይመርምሩ።

(ምስል፦ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን።)

በግራ በኩል ግድግዳውም መኪናውም ሰውየውም ወደ አንድ አቅጣጫ ተስበዋል፤ የተንቀጠቀጠው የፎቶ አንሺው እጅ ነው። በቀኝ በኩል ግን በመኪናው ላይ የተጻፈው ሳይቀር እየተነበበ የሰፊው እጅ ብቻ ደብዝዟል። የምስል ማረጋጊያው የሚያርመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ የሚሠራን እጅ ሊያቆም አይችልም።

(ምስል፦ የካሜራው ሌንስ ሲወጣና ሲገባ።)

ዙምን በጣም እቃወማለሁ። ሳይሳብ ኤፍ 2.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) የሆነ ሌንስ ተስቦ ኤፍ 5.6 ሲደርስ የሚያስገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የእጅ መንቀጥቀጡም ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል። ከሩቅ ከመሳብ ይልቅ «እንደምን አመሹ» ብለው ፈቃድ ጠይቀው መቅረብ ለፎቶውም ለሰውየው ክብርም የተሻለ ነው።

ክርንዎን ከጎንዎ አስጠግተው፣ ትከሻዎን ከግንቡ ላይ ካስደገፉ፣ ሌንሱ ሳይሳብ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለ1/30 ሰከንድ ተከፍቶ ጥርት ያለ ፎቶ ማግኘት ይቻላል። የሚንቀሳቀስ እጅ ግን ቢያንስ 1/125 ይፈልጋል፤ ይህም ብርሃኑን በአራት እጥፍ ገደማ ስለሚቀንሰው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ከ400 ወደ 1600 ማሳደግ ግድ ይሆናል። የሹተር ፍጥነት መምረጥ በማይፈቅዱ ካሜራዎች አይኤስኦው ከፍ ሲል ካሜራው ራሱ ሹተሩን ያፈጥነዋል። የኪስ ካሜራዎች ዳሳሽ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) በአብዛኛው 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከጥፍር ያነሰ በመሆኑ በ1600 ላይ ነጠብጣብ መታየቱ አይቀርም፤ እኔ ግን ነጠብጣብ ያለበትን ጥርት ያለ ፎቶ ከብዥታው አስበልጣለሁ፤ ነጠብጣቡን በኋላ መቀነስ ሲቻል የጠፋ ዝርዝር ግን አይመለስምና።

ከዚህም የሚሻል ዘዴ አለ፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ሰፊው ጨርቁን ሊያዞር መኪናውን ሲያቆም እጁ ለአፍታ ያርፋል፤ በዚያች ቅጽበት 1/30 ይበቃል። ሦስት ፎቶ በተከታታይ ያንሡ፤ ጣት ቁልፉን ሲጫንም ሲለቅም ካሜራውን ስለሚነቀንቀው የመካከለኛው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

(ምስል፦ ነጭ ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ።)

ፎከሱ የሚይዘው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋውን ግድግዳ ትተው ካሜራውን ወደ ክሩ ያነጣጥሩ፣ ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭነው ይያዙ፣ ርቀትዎን ሳይለውጡ ፎቶውን ያስተካክሉ። ፍላሹን ያጥፉ፤ የአምፖሉን ሞቅ ያለ ብርሃን ያጠፋዋል።

(ምስል፦ ባዶ ጠባብ መንገድ፤ ካሜራው በድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጧል።)

ሰው የሌለበትን መንገድ ለማንሣት ካሜራውን ደረጃው ላይ ያስቀምጡ፣ አይኤስኦውን ወደ 100 ያውርዱ፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያስነሡና ሹተሩ እስኪዘጋ ድረስ እጅዎን ያርቁ።