ደም ቲታኒየምን አይቶት አያውቅም

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስላለ ብቻዬን ላውጋችሁ።

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ወይም ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ የመረብ ቱቦ) ሊገባለት የተዘጋጀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ከምን ነው የተሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ደግ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ቲታኒየምም ይሁን ካርቦን ወይም ፕላስቲክ፣ የደም ሕዋሳት ዕቃውን ራሱን አያገኙትም። ደም በነካው በሰከንዶች ውስጥ ፕሮቲኖች ገጹ ላይ ተለጥፈው ያለብሱታል። ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ ፕሌትሌቶች፣ ሲደርሱ የሚያገኙት ልብሱን እንጂ ለባሹን አይደለም።

ይባስ ብሎ ያ ልብስ ይቀያየራል። ብዛት ያላቸውና ፈጣኖቹ ፕሮቲኖች ቀድመው ይለጠፋሉ፤ ቁጥራቸው ያነሰ፣ አያያዛቸው ግን የጠነከረ ሌሎች ቀስ ብለው ደርሰው ያስለቅቋቸዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መስታወት ላይ ሲከታተል የነበረው ሊዮ ቭሮማን ነው፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። ሰውየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተማርኮ የነበረ፣ ኋላ አሜሪካ የኖረ ሆላንዳዊ ሲሆን፣ በትውልድ አገሩ ይበልጥ የሚታወቀው በገጣሚነቱ ነው። ይህ አያስደንቀኝም። የማይታይ ነገር ሲፈራረቅ ቁጭ ብሎ መመልከት የገጣሚ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች ሁሉ የእኔን ልብ የሚይዘው ፋይብሪኖጅን የሚባለው ነው። ርዝመቱ 45 ናኖሜትር ያህል የሆነ ቀጭን ሞለኪውል ነው፤ በአንድ ሊትር ፕላዝማ (ሕዋሳት የሌሉበት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ከ2 እስከ 4 ግራም ይገኛል። ደም ውስጥ እየተንሳፈፈ ሳለ ያልተቆጡ ፕሌትሌቶች በአጠገቡ ሲያልፉ ዞር ብለው አያዩትም። ገጽ ላይ ሲያርፍ ግን፣ በተለይ ገጹ ውሃን የሚያባርር ከሆነ፣ ቅርጹ ይላላል፤ ተሸፍኖ የነበረው የመያዣ ቦታም ይገለጣል። ያን ጊዜ ፕሌትሌቶች ይጣበቁበታል፤ ሌሎችን ይጠራሉ፤ መርጋት ይጀምራል። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። አልቡሚን የሚባለው ሌላው የደም ፕሮቲን በብዛት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ገጹን ቢሸፍነውም ፕሌትሌቶችን አይጋብዝም። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች አልቡሚንን የሚያቆይ ገጽ ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ውሃ የሚይዙ ሞለኪውሎችን እንደ ሣር አብቅለው ፕሮቲን እንዳይጠጋ ይከለክላሉ፤ ሄፓሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚለጥፉም አሉ።

ደም ገጽ ነክቶ የሚረጋበት ሌላም መንገድ አለ። ደም መስታወት ውስጥ ቶሎ ይረጋል፤ ሲሊኮን በተቀባ ቱቦ ውስጥ ይዘገያል። ምክንያቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያለው የመስታወት ገጽ አሥራ ሁለተኛውን የመርጊያ ፋክተር፣ ማለትም ደምን ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱን፣ መቀስቀሱ ነው። ይህ ፋክተር እ.ኤ.አ. በ1955 የታወቀው በአንድ የባቡር ሠራተኛ ምክንያት ነበር። ደሙ መስታወት ውስጥ አልረጋ ብሎ ሐኪሞችን ግራ አጋባ፤ ሰውየው ግን ያለ ልክ ደምቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሞተው ደግሞ፣ ከአጥንት ስብራት በኋላ ሳንባው ውስጥ በገባ የረጋ ደም ነው! አዲስ ገጽ በቱቦ ውስጥ ብቻ ፈትሾ «ደም አያረጋም» የሚል ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ለስላሳ ገጽ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውንም እጠራጠራለሁ። ቀደምት የሆነ አንድ የልብ አጋዥ ፓምፕ ውስጡ ሆን ተብሎ በጥቃቅን የቲታኒየም እንክብሎች እንዲሻክር ተደርጎ ነበር። በሻካራው ላይ ስስ የደም ሽፋን ይይዝና አጥብቆ ይቀመጣል፤ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ አንጎል አይሄድም። በመንጋጋ አጥንት ለሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ የቲታኒየሙ ሥር እንዲሻክር የሚደረገው የረጋው ደም እንዲይዝበት ነው፤ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት በዚያ መረብ ላይ ተንጠላጥለው ይደርሳሉ። ልብ ውስጥ ቢገኝ የሚያስደነግጠው ነገር እዚህ ይፈለጋል።

ወደ ቫልቩ ልመለስ። የዛሬዎቹ የሜካኒካል ቫልቮች ክንፎች የሚሠሩበት ፓይሮሊቲክ ካርቦን መጀመሪያ የተጠናው የኑክሌር ነዳጅ ቅንጣቶችን ለመሸፈን ነበር። ጠንካራ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ደምም ከብዙዎቹ ይልቅ ይታገሠዋል። ሆኖም የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ይውጣል፤ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል። ችግሩ በገጹ ብቻ አይደለም። ክንፎቹ በሚታጠፉባቸው ጠባብ ማጠፊያዎች ውስጥ ደም ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ደግሞ መርጋት ይቀናዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቫልቩ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ አደረጉት፤ በእያንዳንዱ የልብ ምት ትንሽ ደም ወደ ኋላ ሾልኮ ማጠፊያውን ያጥባል።