ከሥራ ስትቀነሱ፦ የዋሽንግተን ስቴት የሥራ አጥነት መድን እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ ማቀዝቀዣ ላይ የተቀመጠ ያልተከፈተ ፖስታ]

ይህን ፖስታ እዩት። ከመብራት ቢሉ ሥር ገብቶ ቀናት ቆይቷል። የጎረቤቴ ነው። ሲያትል አካባቢ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ የሆቴሉ እንግዳ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። «እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ ልጄ ሲመጣ ያነብልኛል» ብላ አስቀመጠችው። ስንከፍተው ከሥራ የወጣችበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቅጽ ሆኖ ተገኘ። ለመልሱ የቀራት ሁለት ቀን ነበር።

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ሁላችንም አንኢምፕሎይመንት ስለምንለው፣ በዋሽንግተን ስቴት ኢምፕሎይመንት ሴኩሪቲ ዲፓርትመንት ስለሚያስተዳድረው የሥራ አጥነት መድን ነው።

ጎረቤቴን የያዛት እንግሊዝኛው ብቻ አልነበረም። የሰው ፊት እሳት ነው እየተባለ ያደገ ሰው፣ ከመንግሥት ገንዘብ መጠየቅ ይከብደዋል። ግን ይህ ምጽዋት አይደለም፣ መድን ነው። አረቦኑን በታክስ መልክ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ታክሱም በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ይሰላል። ከእናንተ ደመወዝ ለዚህ ተብሎ የሚቆረጥ የለም። ፔይስታባችሁ ላይ ለቤተሰብና ለሕክምና ፈቃድ፣ ዋ ኬርስ ለሚባለው የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንም የሚቆረጥ ታያላችሁ፤ ያ ሌላ ነው። አሜሪካ ይህን መድን በ1935 ሕግ ያደረገችው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ያለ ሥራ ካስቀረ በኋላ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ማዕቀፉን ያወጣል፤ ስንት፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ስቴቱ ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለ ዘመዳችሁ የነገራችሁ ሕግ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምሰማው ፍርሃት «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» የሚለው ነው። በ2019ም ሆነ በ2022 የወጡት የፌዴራል ደንቦች ይህን መድን በመንግሥት ሸክም ምዘና (ፐብሊክ ቻርጅ፣ አመልካቹ የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለው) ውስጥ አልቆጠሩትም፤ በሥራ የተገኘ ነውና። በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ካላችሁ ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የሥራ ፈቃዳችሁም የጸና መሆን አለበት።

[ስክሪን ላይ፦ 680 ሰዓት]

ይህን ቁጥር ያዙት። መድኑን ለማግኘት ቢሮው «ቤዝ ይር» በሚለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 680 ሰዓት ሠርታችሁ መሆን አለበት። ቤዝ ይር ማለት ካለቁት የመጨረሻ አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው። ለምሳሌ ሜይ ላይ ብታመለክቱ፣ የሚታየው ያለፈው ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በዚያ ካልሞላላችሁ፣ ያለቁት የመጨረሻ አራት ሩብ ዓመታት ሊታዩላችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የእኛን ሰው በጣም የሚጎዳው ይህ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ «ግማሹን በቼክ፣ ግማሹን በካሽ» የሚሠራ ስንት ሰው አለ? ዕለቱን የጠቀመን ይመስላል። ሥራው ሲቆም ግን በካሽ የተሠራው ሰዓት በቢሮው መዝገብ ላይ የለም። 900 ሰዓት የሠራችው እህት ወረቀት ላይ 450 ሆና ትገኛለች። እንዲህ ከገጠማችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቀሩ። የሥራ ፕሮግራማችሁን፣ ከማናጀር ጋር የተጻጻፋችሁትን ቴክስት፣ የባንክ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለቢሮው አስታውቁ፤ ሊያጣራው ይችላል። የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ግን የሚሠሩት እንደ ራስ ሠራተኛ ስለሆነ፣ የመንዳቱ ገቢ በመደበኛው አሠራር እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ክፍያው ስንት ነው? በቤዝ ይራችሁ ከፍተኛ ደመወዝ ያገኛችሁባቸው ሁለት ሩብ ዓመታት ይወሰዳሉ። በአንዱ 12,000፣ በሌላው 10,000 ዶላር ካገኛችሁ አማካዩ 11,000 ነው። የዚህ 3.85 በመቶ በሳምንት ወደ 423 ዶላር ይመጣል። ቢበዛ የሚከፈለው ለ26 ሳምንት ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር እንዳለበትም አትርሱ፤ ከፈለጋችሁ 10 በመቶው እየተቆረጠ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል።

አሁን ወደ ባለ ንግዶቻችን። ሬስቶራንት፣ የጽዳት ድርጅት፣ የአረጋውያን መኖሪያ ያላችሁ፣ በየሩብ ዓመቱ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝና ሰዓት ታሳውቃላችሁ፤ የመጨረሻ ቀኖቹ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ናቸው። የታክሱ መጠን ከድርጅቱ የወጡ ሠራተኞች በወሰዱት ክፍያ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። አንዳንዱ አሠሪ «ሠራተኛዬ ካመለከተ ከሰሰኝ» ብሎ ይቀየማል። ክስ አይደለም። ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ የሆነውን በእውነት ጽፋችሁ በጊዜው መልሱ፤ የሚወስነው ቢሮው ነው። ሥራ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሁለት ሰው ከማባረር በፊት ሼርድወርክ የሚባለውን ፕሮግራም ተመልከቱ፦ የሠራተኞቹን ሰዓት ከ10 እስከ 50 በመቶ ትቀንሳላችሁ፣ ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉን መድኑ ይሸፍናል። የሠለጠነ እንጀራ ጋጋሪ አጥቶ እንደገና ለማግኘት የተንከራተተ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

[ምስል፦ እሑድ ጠዋት፣ ቡና ሲፈላ፣ ጠረጴዛ ላይ ስልክ]

አንዴ ማመልከት አይበቃም። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ይቆጠራል፤ ካለቀ በኋላ በየሳምንቱ ክሌም፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄ ታስገባላችሁ። የመጀመሪያው ብቁ ሳምንት አይከፈልበትም፤ ቢሆንም ክሌሙ መግባት አለበት። በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት የሥራ ፍለጋ እንቅስቃሴ አድርጉ፤ ቀኑን፣ ድርጅቱን፣ ያደረጋችሁትን በደብተር ያዙ። ወርክሶርስ የሚባለው የሥራ ፈላጊዎች መርጃ ማዕከል ሄዶ በነጻ ሥልጠና መካፈልም ሊቆጠር ይችላል።

ጥቂት ቀን ከሠራችሁ አትደብቁ። የሚጻፈው ግብር ሳይቆረጥ ያለው ደመወዝ ነው፤ የሚጻፈውም በተከፈላችሁበት ሳይሆን በሠራችሁበት ሳምንት ነው። 205 ዶላር ብትሠሩ 5ቱ ይተውና የቀረው 200 ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 150 ዶላር ይቀነሳል። ከ423ቱ 273 ይደርሳችኋል። ከደሞዛችሁ ጋር 478 ዶላር ማለት ነው። ተደብቆ ኋላ ቢገኝ ግን መልሱ ይባላል፣ ቅጣትም አለበት።

ያላመለከታችሁበት ክሌም ደብዳቤ ከመጣ ዝም አትበሉ። በ2020 ሌቦች በሰው ስም እያመለከቱ ከዚህ ስቴት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወስደዋል። ወዲያው ማጭበርበር ብላችሁ ለቢሮው ንገሩ።

ከተከለከላችሁስ? ውሳኔው ከተላከበት ቀን አንስቶ 30 ቀን የይግባኝ ጊዜ አላችሁ። የሚሰማው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ዳኛዋ ብዙውን ጊዜ በስልክ ትሰማችኋለች፣ አስተርጓሚው ነጻ ነው። ይግባኙ እስኪታይ ሳምንታዊ ክሌማችሁን አታቋርጡ። ስታሸንፉ የሚከፈላችሁ ክሌም ያስገባችሁባቸው ሳምንታት ናቸው።

ከጎረቤቴ ጋር ያን ቀን ማታ ቅጹን ሞላን። «ለምን ወጣሽ?» ለሚለው ረጅም ታሪክ ልትጽፍ ፈልጋ ነበር፣ ስለ ሱፐርቫይዘሯ፣ ስለ ጀርባዋ ሕመም። የሆነው አንድ ነገር ነው፦ ሥራ ቀነሰ፣ ተቀነሰች። ይህንኑ ጻፈች። ጠዋት ደግሞ ደወለች፤ ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» አለችና ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ በስልኩ ውስጥ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚል ድምፅ መጣ።