ኮከብ ሲያረጅ የሚከሳው መቼ ነው?

እንደምን አመሻችሁ፣ የሰማይ ወዳጆች።

በኅዳር ወር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ብናይ 47 ቱካና የሚባል ሉላዊ የከዋክብት ስብስብ አለ። ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሕንፃና ደመና ካልጋረደው ማለቴ ነው። ርቀቱ ወደ 15 ሺህ የብርሃን ዓመት ይሆናል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ኮከቦቹ ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ የኖሩ እኩያሞች ናቸው።

ከባዶቹ ነዳጃቸውን ቶሎ ጨርሰው አልፈዋል። ዛሬ ተራው የደረሰው ከፀሐይ በጥቂቱ የሚቀለው ኮከብ ነው። አብጦ ቀይ ግዙፍ ይሆናል፣ ውጫዊ አካሉን ወደ ሕዋ ይበትናል፣ በመጨረሻም ነጭ ድንክ የሚባለው ትኩስ አስኳል ብቻ ይቀራል። እሱም የፀሐይን ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው። ወደ 40 በመቶው ክብደት ሄዷል ማለት ነው። ግን መቼ?

ብዙዎች ገና በቀይ ግዙፍነቱ ዘመን ብዙውን ያጣል ብለው ያስቡ ነበር። ኮከብ አይመዘን ነገር! ቦታውን ማየት ግን ይቻላል። በስብስቡ ውስጥ ኮከቦች ሲተላለፉ በስበት ይጓተታሉ። ከባዱ ወደ መሃል ይሰምጣል፣ ቀላሉ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋል። ይህ ብልሃት በጣም ነው የሚያስደስተኝ፤ የቆመበትን ቦታ አይቶ የከሳበትን ጊዜ ማወቅ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ሄይልና ባልደረቦቹ ይህንኑ አደረጉ። በሀብል ቴሌስኮፕ 3 ሺህ ገደማ ነጭ ድንኮችን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተመለከቱ። ነጭ ድንክ ከሆኑ በአማካይ 6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው ጨቅላዎች አሁንም ከከባዶቹ ጋር መሃል ላይ ናቸው። 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ግን ወደ ዳር ወጥተዋል። ቀድመው ከስተው ቢሆን ኖሮ ጨቅላዎቹም ጉዞ በጀመሩ ነበር። ስለዚህ ኮከቡ የሚከሳው መጨረሻው ላይ፣ ባንዴ ነው።

የተበተነው ጋዝስ? እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ፐልሳር በሚባሉ፣ በፍጥነት በሚሽከረከሩ የሞቱ ኮከቦች የሬዲዮ ምልክት ፈልገው አገኙት፤ ግን የፀሐይን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ። ከዚያ ሁሉ ኮከብ ከሚበተነው አንጻር እጅግ ትንሽ ነው። ስብስቡ የጋላክሲያችንን የፍኖተ ሐሊብን ዝርግ ገበታ ሲያቋርጥ ጋዙ ይጠረግለታል፤ ነገር ግን ጋዙ በየጊዜው ስለሚጨመር ይህ ብቻውን አይበቃም። እነዚያው ጨቅላ ነጭ ድንኮች በአልትራቫዮሌት ብርሃናቸው እያሞቁ ያባርሩታል የሚል ሐሳብም ቀርቧል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።