የቀን ገቢውና የፖሊስ ጣቢያው

ሰላም ሰላም፣ የጅማ ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ከመንገዱ የባጃጅ ድምጽ ከገባባችሁ ቻሉት፣ የማወራውም ስለነሱ ነው።

ረዳት በጥፊ ሲመታ፣ ባጃጅ ነጂ አንገቱ ሲታነቅ፣ ሌሊት ተረኛ ነርስ በአስታማሚ ስትገፈተር "ያው ሥራው ነው" እንላለን አይደል፣ እሷ ነገር ነች የምታናድደኝ። ጸቡ ብዙ ጊዜ ከትንሽ ብር ነው የሚነሳው፣ መልስ የለኝም አለ፣ ታሪፍ ጨመረ፣ ወራጅ ስል አላቆመም። ቤንዚን ሲወደድ ዋጋውን የጨመረው ረዳቱ አይደለም እኮ፣ ግን እጃችን የሚደርስበት እሱ ነው። ባጃጅ ደግሞ ይብሳል፣ ረዳት የለም፣ ተሳፋሪው ከጀርባህ ነው፣ በምሽት ከፈረንጅ አራዳ ተነስተህ የጂሬንን ዳገት ስትወጣ ከኋላህ ማን እንዳለ አታይም።

ከዛስ? ያየው ሌላ ተሳፋሪ "ቸኩያለሁ" ብሎ ይወርዳል፣ ምስክር የለም። ነጂው ደግሞ ጣቢያ ልሂድ ቢል ግማሽ ቀኑ አለቀ፣ ባጃጇ ደግሞ የሱ አይደለችም፣ ማታ ለባለቤቷ ገቢ ያስገባል፣ ተመታም አልተመታም ገቢ ገቢ ነው። ስለዚህ ፊቱን ታጥቦ ሥራውን ይቀጥላል፣ ነገሩም የትም ሳይመዘገብ ይቀራል።

አሜሪካ በፈረንጆቹ 2024 የፌዴራሉ የሕዝብ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ700 በላይ የትራንስፖርት ተቋማት በሠራተኞቻቸው ላይ የሚደርሰውን የጥቃት አደጋ ገምግመው ምን እንደሚያደርጉ እንዲያሳውቁ አዟል። እዛ ቢያንስ ቆጥረህ አምጣ የሚል አለ። የዓለም ሥራ ድርጅትም በፈረንጆቹ 2019 በሥራ ላይ የሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳን የሚከለክለውን ስምምነት፣ ኮንቬንሽን 190ን፣ ሲያጸድቅ አብሮት በወጣው ምክረ ሐሳብ 206 ላይ ትራንስፖርትና ጤናን በስም ጠርቷል፣ ጥቃቱ ከአለቃ ብቻ ሳይሆን ከደንበኛና ከታካሚም ሊመጣ ይችላል ብሎ። የኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ 1156/2011፣ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ይጠብቅ ይላል፣ ጥሩ፣ ግን የባጃጅ ነጂው ውል በቃል ነው፣ አሠሪዬ ማነው ብሎ ቢጠይቅ ባለቤቷ "እኔ ያከራየሁት ነኝ" ሊለው ይችላል።

የመስታወት ከለላ፣ ካሜራ ምናምን ይባላል፣ ለትልቅ አውቶብስ ይሆናል፣ ባጃጅ ላይ የት ልታስገባው ነው? እኔ የምለው ቀላል ነው፣ የተመታ ነጂ ጣቢያ ከሄደ የዛን ቀን ገቢ ለባለቤቷ ማስገባቱ ይቅርለት። በቃ። ያየው ተሳፋሪም ከመውረዱ በፊት ስልክ ቁጥሩን ይስጥ፣ ምስክርነቱ በኋላ ይደርሳል።

ይሄን አንድ ሁለት ባጃጅ ላላቸው ጋሼ ነገርኳቸው፣ ሳቁብኝ። "ልጄ፣ እንዲህ ካልኩማ በየቀኑ ተመታሁ እያለ ይመጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሞከራል፣ እኔም ብሆን እሞክር ይሆናል ሃሃ። ታዲያ ከጣቢያ ያመለከተበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ወረቀት ካመጣማ ምን እላለሁ" አሉ፣ "ግን የአንድ ቀን ብቻ።"