ባሌስትራ አይበየድም፦ ስለ አሮጌ የጭነት መኪና የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የሻክል ፒኑን በስንት ጊዜ ግራሶ ላጠጣው?

መልስ፦ ሻክል ፒን ባሌስትራውን (መኪናውን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጽም ጋር የሚያያይዘው ፒን ነው። አቧራና ጭቃ ላይ የምትሠራ ከሆነ በየሳምንቱ፤ አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ የአይሱዙዬ የፊት ባሌስትራ ዋናው ቅጠል ተሰብሮ በያጅ ጋ ወሰድኩት። «ከበፊቱ ይጠነክራል» ብሎ በይዶ ሰጠኝ። ነገ ወደ አዲስ አበባ እጭናለሁ፤ ያስኬደኛል?

መልስ፦ አያስኬድህም ወንድሜ። ነገ እንዳትጭን። ይህን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ በየሳምንቱ ይመጣልና።

ባሌስትራ እንደ በርና መስኮት ብረት አይደለም። ፋብሪካው አግሎ፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ እንደገና በልኩ አሙቆ ነው ተለምጦ የመመለስ ጠባይ የሰጠው። የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጠባይ ይጠፋል። ብየዳው አጠገብ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ ይለሰልሳል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ከጎኑ ይቆረጣል።

ዋናው ቅጠል ደግሞ ጭነት መሸከም ብቻ አይደለም ሥራው። አክስሉን፣ ጎማዎቹ የሚታሰሩበትን ዘንግ፣ ከሻንሲው ጋር ይዞ ቦታው ላይ የሚያቆመው እሱ ነው። ሲቆረጥ በዚያ ጎን ያለው ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናው መሪ አልታዘዝ ይልሃል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርድ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። የተበየደው ቅጠል የሚፈተነው እዚያ ነው፤ ገደሉ ከጎንህ፣ ረዳትህ አጠገብህ ሆኖ።

አንድ ጊዜ ጋራዥ የመጣ የተሰበረ ቅጠል አገላብጬ አየሁት። ስብራቱ ከዳር ሁለት ጣት ያህል ዝጎ ቡኒ ሆኗል፤ የቀረው ግራጫ ነው፣ እንደ ጨው ያብለጨልጫል። ቡኒው የድሮ ስንጥቅ ነው። ከመቆረጡ በፊት ብዙ ቆይቷል፣ ጎንበስ ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

ስለዚህ እዩት። በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፣ ናፍጣ ቀቡት፣ በጨርቅ ደህና አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ጠመኔ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ናፍጣ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት ግን ጎማውን ታኮ አድርጉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ደግፉት። ድንጋይ አታድርጉ፣ ድንጋይ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ቀይረው፤ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዩቦልቱ አጠገብ ቀይ ዱቄት የመሰለ ነገር አያለሁ። ዝገት ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩቦልት ላልቶ ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ነው። እንዲህ እየሄደ ቅጠሎቹን መሃል ላይ የሚይዘው ሴንተር ቦልት ይቆረጥና አክስሉ ቦታውን ይለቃል፤ ከኋላ ሲያዩት መኪናው አግድም የሚሄድ ይመስላል። የተሳበ ዩቦልት መልሰህ አትሰር፣ ዳዶውንም ጨምረህ አዲስ ግዛ። ከታሰረ በኋላ ጭነህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሂድና በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ልክ እንደገና አስጠብቀው። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨምሬ ተጨማሪ 15 ኩንታል ብጭንስ?

መልስ፦ ሊብሬህ ላይ የተጻፈውን ጫን። ቅጠል ስትጨምር ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው አልጨመሩም። መኪናው ጎበጥ ስላላለ የቻለው ይመስልሃል፤ ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው ፍሬን ግን ያው የድሮው ነው። ያንኑ ቅጠል ቆይተህ ልታስበይደው ነው፤ ስለ ብየዳ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ መኪናዬ ባዶውን ቆሞ ወደ ሹፌሩ በኩል ያዘነብላል።

መልስ፦ ባሌስትራው ደክሞ ይሆናል፣ ቡሹ አልቆ ይሆናል፣ ሻንሲውም ተጣሞ ሊሆን ይችላል። በስልክ አልፈርድልህም ልጄ። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሞ ግራና ቀኙን በሜትር የሚለካ መካኒክ ጋ ውሰደው፤ እስከዚያ ድረስ ግን አትጫንበት።